ከዳንግላ የተሸከምኩት ማበረታቻ

ሰው ሲደክመው ይተኛል፤ ጸሐፊ ሲደክመው ግን ያበረታቱታል። የሁለቱን ልዩነት ያወቅሁት ዳንግላ ሄጄ የተበረታታሁ ዕለት ነው። ወገቤን እስካሁን ያመኛል።

እኔ የእንጅባራ ሰው ነኝ፤ ሥራዬ ቤት መቀባት ነው። ግድግዳ፣ ኮርኒስ፣ የብረት በር፣ ሲገኝ ደግሞ የሱቅ ታፔላ እቀባለሁ። እንጅባራ ላይ ቀለም ቀቢ መሆን ምን ማለት እንደሆነ ለማታውቁ ልንገራችሁ። ጠዋት ትቀባላችሁ፣ ከሰዓት ዝናቡ ያጥበዋል፣ በማግስቱ ባለቤቱ ይሰድባችኋል። በዚህ ሁሉ መሀል አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ጻፍኩ። ስለዚህ በከተማችን በሁለት በኩል የቀለም ሰው ነኝ ማለት ነው፤ በሁለቱም በኩል ግን እስካሁን የደረቀልኝ የለም።

መጽሐፏ «ከራስጌ ተቀምጬ» ትባላለች። እናቴ አልጋ ላይ ውላ በከረመችበት ጊዜ እያስታመምኳት የጻፍኳት ናት። ስለ ጸሎት፣ ስለ ትዕግሥት፣ ሰው ተኝቶበት አንሶላ ስለ መለወጥ፣ እግዚአብሔርን ስለ ማኩረፍና መልሶ ስለ መታረቅ ትናገራለች። ታትማ ስትወጣ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች እጄን ጨብጠው «ጸጋ ይብዛልህ» አሉኝ። ጸጋው በዛ፣ መጽሐፉም በዛ፣ ሁለቱም ቤት ቀሩ። ባለቤቴ ጥሩወርቅ እሽጎቹን አልጋ ሥር እየገፋች «አይዞህ፣ ቢያንስ አይጦቹ ጀምረውታል» አለችኝ። ሁለተኛ መጽሐፍ ጀማምሬ ነበር፤ እሱንም ተውኩት። ቀኑን ሙሉ ክንድህን ወደ ኮርኒስ ዘርግተህ ውለህ፣ ማንም ለማያነበው ነገር ብዕር ማንሳት ከብሩሽ ይከብዳል።

ስልኩ የተደወለልኝ መሰላል ላይ ሆኜ ነው። ኔትወርክ እኛ ሰፈር እንደ ክረምት ፀሐይ ነው፤ ብቅ ይልና ሳትሞቀው ይጠፋል።

«ወንድሜ፣ ጌታ ይባርክህ፤ ከዳንግላ ነው የምደውለው። የፊታችን ቅዳሜ ልን... ሸ... ህ አስበናል።»

«ልታደርጉኝ ምን?»

«ልንሸ... ህ!»

ተቋረጠ። ብሩሹን ይዤ ቆሜ ፊደሎቹን ስገጣጥማቸው «ልንሸኝህ» የሚል ወጣልኝ። ለምሳ ቤት ስገባ ለጥሩወርቅ ነገርኳት።

«ወዴት ነው የሚሸኙህ?»

«እንጃ።»

«ምን አጥፍተህ?»

«እንጃ አልኩሽ።»

«ያጠፋኸውማ ነገር አለ። ዝም ብሎ ሰው የሚሸኝ ቤተ ክርስቲያን የለም» አለችና ወጡን ጨለፈችልኝ። ከዚያ በኋላ የገባኝ ጉርሻ የለም።

ከሰዓት በኋላ ሰውዬው መልሶ ደወለ። ታደለ ይባላል፤ የፕሮግራሙ አስተባባሪ ነው። ለካስ «ልንሸልምህ» ነው ያለው። በአካባቢው ያሉ ክርስቲያን ጸሐፊዎች ዕውቅና እንዲያገኙና እንዲበረታቱ ጉባኤ ተዘጋጅቷል፤ እኔም ካሉት ጸሐፊዎች አንዱ ነኝ። ደስታዬ መሰላሉን ነቀነቀው።

«ወንድም ታደለ፣ መጽሐፌን አነበባችሁት?»

 ኔትወርኩ የሄደ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«ገና ነው» አለ፤ «ግን በጣም ነው የወደድነው።»

ያን ዕለት ከጥሩወርቅ ጋር ተነጋገርን። ዳንግላ እሄዳለሁ፤ መጽሐፌን ከዳር እስከ ዳር ያነበበ አንድ ሰው ካገኘሁ ሁለተኛውን እቀጥላለሁ። ካላገኘሁ ሽልማቴን ይዤ፣ በክብር፣ ከጽሕፈት ጡረታ እወጣለሁ። «አሜን» አለች። አሜኗ ትንሽ ፈጠነችብኝ።

ቅዳሜ ማለዳ የሠርጌን ኮት ለብሼ ወጣሁ። ኮቱ እንደ ጥንቱ ነው፤ እኔ ነኝ የተለወጥኩት። ስለዚህ መጀመሪያ ቁልፉን፣ ቀጥሎ ትንፋሼን ያዝኩ። በሚኒባስ ዳንግላ ስደርስ አዳራሹ ገና እየተጠረገ ነበር። ታደለ አቅፎ ሳመኝና ከፊት ወንበር አስቀመጠኝ። አጠገቤ ከጫግኒ የመጣ ገዛኸኝ የሚባል ገጣሚ ተቀምጧል። የቆላ ሰው ስለሆነ ስስ ሸሚዝ ብቻ ለብሶ ይንቀጠቀጣል።

«ቁርስ በልተሃል?» አለኝ።

«አልበላሁም። እዚህ የሚኖር መስሎኝ።»

በሐዘን አየኝ። «እኔ ከዚህ በፊትም ተበረታትቼ አውቃለሁ» አለኝ፤ «ሰው በልቶ ነው የሚበረታታው።»

ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ተናጋሪ «ብዙ አልናገርም» ብሎ ጀመረ። «ብዙ አልናገርም» የሚል ሰው «ውሻዬ አይናከስም» እንደሚል ሰው ነው፤ ሱሪህን ሰብስብ። ጸሐፊዎች መበረታታት እንዳለባቸው በሰፊው አስረዳን። ሁለተኛው ተነሥቶ የመጀመሪያው ያለው ሁሉ ትክክል መሆኑን አንድ በአንድ አረጋገጠ። የቀጠለው ደግሞ እስከ ዛሬ ባለማበረታታታችን ንስሐ እንድንገባ ጠየቀ፤ እኛም ተበረታቾቹ ጭምር ገባን። መዘምራኑ ዘመሩ። አንድ መጋቢ ከድንጋይ ጽላት ተነሥተው በብራና አድርገው ወደ ወረቀት ሲደርሱ እኔ በረሃብ ወረቀቱን ልበላ ደርሻለሁ። ከፊት የተቀመጠ ሰው ደግሞ ማዛጋት አይችልም፤ ቪዲዮ ቀራጩ ካሜራውን ፊታችን ላይ ተክሏል። ስለዚህ በአፍንጫዬ አዛጋሁ። ሞክሩት፤ እንባ ያመጣል። መጋቢው እንባዬን አይተው ቃሉ የነካኝ መሰላቸውና ያንኑ ክፍል ደገሙልኝ።

በመጨረሻ ታደለ ማይኩን ያዘ። «አሁን ደግሞ ከእንጅባራ የመጣውን ወንድማችንን እንቀበል! ‹ከራሴ ተጣልቼ› በሚለው መጽሐፉ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከኋላዬ አንዲት ሴት «ውይ! እኔም ላነበው ይገባል» ስትል ሰማሁ። ላርም ስነሣ ገዛኸኝ የኮቴን ጫፍ ያዘኝ።

«ተወው» አለኝ፤ «ይሻላል።»

እውነት ለመናገር ይሻላል።

ይህን ቀን አስቤ የምናገረውን ለግድግዳ እየተናገርኩ ተለማምጄ ነበር፤ ቀለም ቀቢ አድማጭ አያጣም። መድረክ ላይ ወጥቼ ጉሮሮዬን ስጠራርግ ታደለ ማይኩን ከእጁ ሳይለቅልኝ እንዲህ አለ፦ «ወንድማችን ስለ ሥራው በሰፊው እንዲያጫውተን አስበን ነበር። ይሁንና ስለ ማበረታታት የተናገሩት ወንድሞች ሰዓቱን ስለወሰዱት፣ ‹ጌታ ይመስገን› ብሎ ይወርዳል።»

«ጌታ ይመስገን» አልኩና ወረድኩ። ከጻፍኩትም ከተናገርኩትም አጭሩ እሱ ነው፤ የተጨበጨበለትም እሱ ነው።

ምሳ ላይ ሳህኔን ይዤ አንባቢ ፍለጋ ዞርኩ። አንድ ወፍራም ሰው ሮጦ መጥቶ ወጡን ኮቴ ላይ እስኪያፈሰው ድረስ አቀፈኝ። «ወንድሜ! መጽሐፍህ ሕይወቴን ነው የለወጠው!»  ጥሩወርቅ በዓይኔ ላይ ሄደች፤ ሁለተኛው መጽሐፍ ተነሥቶ ሲቆም ታየኝ። «የቱ ክፍል ነው የነካህ?» ስል ጠየቅሁት።

«ግጥሞቹ! በተለይ ግጥሞቹ!»

በመጽሐፌ ውስጥ አንድም ግጥም የለም። በጣቴ ገዛኸኝን አሳየሁት፤ ሄዶ እሱንም አቀፈው።

ከዚያ ስጦታው መጣ። ገዛኸኝ የግድግዳ ሰዓት ደረሰው። የእኔን ጎረምሶች በጠረጴዛ ልብስ ሸፍነው፣ ግራና ቀኝ ተሸክመው፣ እንደ ታቦት በዝግታ አስገቡት። ልብሱ ሲገለጥ የቀርከሃ የመጽሐፍ መደርደሪያ ሆነ። ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል፤ ስፋቱ ከቤቴ በር። ታደለ በኩራት ያብራራ ጀመር።

«ለገዛኸኝ ነበር ያሰብነው፤ ጫግኒ ሩቅ ስለሆነ አዘንንለት። ላንተ ግን ቅርብ ነው። ደግሞ ዝም ብሎ ከገበያ የተገዛ እንዳይመስልህ፤ በትእዛዝ ነው ያሠራነው። የት መሰለህ?»

«የት ነው?»

«እንጅባራ! እስኪመጣማ ስንት መከራ አየን መሰለህ!»

እጃቸውን በእኔና በመደርደሪያው ላይ ጭነው ጸለዩልን። ከሁለታችን ቀድሞ የሚሰበረው የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነበር።

መናኸሪያው ውስጥ የሚኒባሱ ረዳት መደርደሪያውን ዞሮ አየው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ማበረታቻ ነው።»

«ስንት ሰው ይይዛል?»

«የመጽሐፍ ነው ወንድሜ።»

«እንግዲያው ባዶ ነው በለኛ» አለና ከጣሪያው ፖርቶመጋላ ላይ ጋደም አድርጎ ጠፈረው። ገዛኸኝ ሰዓቱን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ፣ ቀድሞ በሚሄደው መኪና ተሳፍሮ በመስኮት እጁን አወዛወዘልኝ። በሕይወቴ በሰው ሰዓት እንደዚያ ቀንቼ አላውቅም።

መንገድ ላይ አዲስ ቅዳም ከተማ ስንደርስ ገበያው ሊበተን ነው፤ አገሩ ሁሉ ወደ ቤቱ መሄድ ይፈልጋል። ረዳቱ የከሰል ማዳበሪያዎች እየተቀበለ ወደ ላይ ይወረውራል። ጭንቅላቴን በመስኮት አውጥቼ ባይ፣ ከሰሉን በመደርደሪያዬ ደርቦች ውስጥ አንድ በአንድ እየሰካው ነው። አንዲት ሴት ደግሞ እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች ላይኛው ደርብ ላይ እንዲያስቀምጣቸው ታቀብለዋለች።

«እናቴ» አልኳት፤ «ይሄ እኮ የመጽሐፍ ማስቀመጫ ነው።»

«መጽሐፉ የት አለ?»

 የቀኑ ተናጋሪዎች ሁሉ ዙሪያውን ሲዞሩት የዋሉትን ቁስል እሷ በዶሮ ነካችው። ጭንቅላቴን ወደ ውስጥ መለስኩ።

እንጅባራ ስወርድ ከሰዓቱ ገፍቷል፤ ዝናቡም ደመናውን አስተካክሎ ይጠብቀኛል። መደርደሪያው ከሰሉን ጠጥቶ ጠቁሯል፤ ዶሮዎቹም ያሰቡትን ጥለውበት ሄደዋል። ባጃጅ ጠራሁ። ሾፌሩ እኔን አየ፣ ዕቃውን አየ፣ ጥሎኝ ነዳ። ሌላውም እንደዚያው። ቢቸግረኝ በሁለት ደርቦች መካከል አንገቴን አስገብቼ ብድግ አደረግሁት። እንግዲህ መጽሐፌ ያላገኘውን እኔ አገኘሁት፤ መደርደሪያ ላይ ወጣሁ።

እንደዚያ ሆኜ፣ ዝናቡ እየወረደብኝ፣ ዳር ዳሩን ስሄድ አንድ ድምፅ ጮኸብኝ።

«ቁም! ምን ጎድሎት ነው የመለስከው?»

ዞሬ ለማየት መደርደሪያውንም ይዤ መዞር ነበረብኝ። መንገድ ዳር የቀርከሃ ወንበርና አልጋ የሚሠሩት አያ ካሴ ናቸው፤ የዘንገና ገበሬ የነበሩ፣ ልጃቸው ከተማ ስትገባ ተከትለው የመጡ ሽማግሌ። በር ላይ ቆመው መጥረቢያቸውን ይዘዋል።

«አልመለስኩትም፣ አያ ካሴ።»

«የእጄን ሥራ አላውቀውም? ከዳንግላ ሰዎች መጥተው ነው የወሰዱት። ምኑን ነው የጠሉት? ለምንስ አጠቆራችሁት? አቃጠላችሁት እንዴ?»

«ከሰል ተጭኖበት ነው። እኔን ሸልመውኝ ነው።»

«ምን አድርገህ?»

«መጽሐፍ ጽፌ።»

አንገቴ ላይ ያለውን ዳግመኛ አዩት። «እና ይህን የሚሰጡህ ተቆጥተው ነው?» አሉኝ።

ከአንገቴ አውጥተው አወረዱልኝና ከዝናብ ወደ ደጃፋቸው አስገቡኝ። «ስለ ምንድን ነው የጻፍከው?» አሉ፤ የሚጠይቁኝ እስክደርቅ ለማጫወት እንደሆነ ያስታውቃል። እኔም እንደ ነገሩ «ስለ ማስታመም ነው፤ እናቴ ታማ ሳስታምም» አልኩ።

ከውስጥ መጋረጃው ተገለጠ። ልጃቸው ይታይሽ ናት፤ እጇ ላይ እርጥብ ፎጣ ይዛለች። በዓይን አውቃታለሁ፤ ተነጋግረን ግን አናውቅም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለችኝ፤ «እናትዎ ሾርባውን ተፍተው ‹ቀለም ነው እንዴ የበጠበጥክልኝ?› ብለውዎት ያውቃሉ?»

 «ብላኛለች» አልኩ።

«አንተ ነህ!» አለች፤ አክብሮቱ በአንድ ጊዜ ጠፋ። «አባዬ፣ እሱ ነው! አስታማሚው!»

መጽሐፉን ጤና ጣቢያ አግዳሚ ላይ ሰው ረስቶት አግኝታው ነው። ሽፋኑ ስለሌለ የማን እንደሆነ አታውቅም። እናቷ እማማ ደብሬ አልጋ ላይ ከዋሉ ጀምሮ እያነበበች ወደ አገውኛ እየመለሰች ትነግራቸዋለች። አያ ካሴ ወደ እኔ ዘወር ብለው «የጴንጤ መጽሐፍ ነው ለካ?» አሉ። ይታይሽ ሳትዞር መለሰችላቸው፦ «የአስታማሚ መጽሐፍ ነው።» ሽማግሌው ወንበር ሳቡልኝ።

አንባቢ አገኘሁ ብዬ ልስቅ፣ ልዘምር፣ ጥሩወርቅ ዘንድ ልደውል ስል ልጅቱ ወገቧን ይዛ ቆመች። ጠብ ነው የሚመስለው።

«ግን መጨረሻውን ለምን አልጻፍከውም? እናትህ ‹መስኮቱን ክፈት› ይሉሃል፤ ከዚያ መጽሐፉ ያልቃል። እናቴ ሁልጊዜ ‹ከዚያስ?› ትለኛለች። እኔ ምን ልበላት? ዳኑ?»

መጋረጃው ክፍት ነው። እማማ ደብሬ ከትራሳቸው ቀና ብለው ያዩኛል፤ ፊታቸው ከስቶ ዓይናቸው ብቻ ቀርቷል። የሚነገር አማርኛ ይሰማሉ፤ የመጽሐፍ አማርኛ ነው የሚከብዳቸው፤ መናገሩም ያደክማቸዋል። እዚያ አልጋ አጠገብ «ዳነች» ማለት እንዴት እንደሚቀል አያችሁ? ማንም አይመሰክርብኝም። ግን ቀኑን ሙሉ መልካም መልካም ነገር ስሰማ ውዬ ነበርና አንድ ተጨማሪ ለማውጣት አቅም አነሰኝ።

«አልዳነችም» አልኩ።

ይታይሽ ፎጣውን ጨመቀችው።

«ለምን እንዳልጻፍኩት ልንገርሽ። መስኮቱን ከከፈትኩላት በኋላ ሾርባ አምጣ አለችኝ። አመጣሁ። ቀመሰችና ‹ዛሬስ ጨው አለው› አለች። ከዚያ ወዲህ አልተናገረችም። ይኸው ነው። ሰው ከክርስቲያን መጽሐፍ ሌላ ነገር ይጠብቃል፤ ሰማይ ተከፍቶ አየች፣ ዘመረች፣ ባረከችኝ ይባላል። እኔ ያለኝ ጨው ብቻ ነው። አፍሬ ተውኩት።»

 ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል። ከዚያ እማማ ደብሬ በአገውኛ ረዘም አድርገው ተናገሩ፤ ሁለቴ ትንፋሽ ወሰዱ። የእኔ አገውኛ ከሰላምታ አያልፍም። አያ ካሴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ይታይሽ ግን ሳቋና እንባዋ አንድ ላይ መጣ።

«ምን አሉ?»

«‹ሁሉም ትድኛለሽ ይለኛል፤ የሚያወራኝ አጥቼ ነበር። ይህ ሰው እውነቱን ይጻፈው። ጨውንም እንዳይተወው። እኔ ሳልሄድ እንድሰማው ግን ቶሎ ይበል› ነው የምትለው።»

ከጠዋት ጀምሮ ስንቱ አበረታቶኛል፤ ያጣደፈኝ ግን የለም። ጽሑፌን የሚጠብቅ ሰው አለ ማለት እንዴት እንደሚከብድ ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ከመደርደሪያው ይከብዳል። መደርደሪያውን እዚያው ትቼላቸው ሄድኩ። ቤት ስገባ ጥሩወርቅ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ፤ ከሰል፣ ወጥ፣ የዶሮ ነገር፣ ዝናብ።

«ሸለሙህ ወይስ ሸኙህ?»

«አንባቢ አገኘሁ» አልኳት።

አሜን ያለችውን ታስታውሳለች፤ ተነፈሰችና የምታጠብበት ውኃ አሞቀችልኝ።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስወጣ በአያ ካሴ ቤት በኩል አልፋለሁ። የጻፍኩትን አነባለሁ፣ ይታይሽ ወደ አገውኛ ትመልሳለች፣ እማማ ደብሬ ያርሙኛል። ጸሎት ሲበዛባቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ አንሶላና ሾርባ ሲመጣ ይገልጣሉ። አንድ ጊዜ ሙሉ ምዕራፍ አስጣሉኝ፤ ደክሞኝ ስለነበር ቅር አላለኝም። ሁለተኛው መጽሐፍ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም፤ እማማ ደብሬም የሚጠብቁት እሱን ብቻ ይመስላል። ስነሣ እማማ ደብሬ በሚችሉት አማርኛ «ቶሎ በል» ይሉኛል። እሺ እላለሁ። ይታይሽ ደግሞ እስከ በር ትሸኘኝና፣ እናቷ እንዳይሰሙ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ቀስ በል» ትለኛለች። ለእሷም እሺ እላለሁ።